ቅዝቃዜ ያቆያቸው ምስክሮች፤ የግሪንላንድ ሙሚዎች ስለ ጥንቱ የኢኑይት ኑሮ የሚነግሩን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አስከሬን መርምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ አንድ ፈተና አጋጥሞታል። አስከሬኑ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ቤተ ዘመድ፣ ፖሊስና ጋዜጣ ግን ብዙ እንዲናገርላቸው ይሻሉ። በዚህ መካከል የቆመ መርማሪ፣ ሟቹ ያላለውን በሟቹ ስም እንዳይናገር ራሱን መጠበቅ አለበት። ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጉዳይ ይህንኑ ፈተና ከ500 ዓመት በፊት በሞቱ ስምንት ሰዎች ላይ የሚያሳይ ነው።

ከእነዚህ ስምንት ሰዎች የአንዱን ፎቶግራፍ ከመካከላችሁ ብዙዎች ሳታዩት አልቀራችሁም። የስድስት ወር ያህል ሕፃን ነው፤ ፀጉር ባለው የቆዳ ልብስ ተሸፍኖ፣ ቆቡን እንዳጠለቀ፣ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ ተኝቷል። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በ1985 ታሪኩን ካወጣ ወዲህ ሥዕሉ በዓለም ዙሪያ ታውቋል። ከሥዕሉ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር አብሮ ይጓዛል፤ «እናቱ ስለ ሞተች ከእርሷ ጋር በሕይወቱ ተቀበረ» የሚል። ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት ነውን? የዚህ ንግግር ዓላማ በከፊል ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ነገር ግን ወደ ሕፃኑ ከመመለሳችን በፊት ገላቸው በእርግጥ የመሰከረውን በየተራ ማየት ይገባናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

የመቃብሮቹ መገኘት

ሙሚ ሲባል ፈጥኖ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የግብፅ ፈርዖን ነው። የግብፅ ሙሚ ግን የባለሙያ የእጅ ሥራ ነው፤ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ገላው በናትሮን ጨው ደርቆ፣ በበፍታ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። የተፈጥሮ ሙሚ ግን ማንም ለዚያ ሳያዘጋጀው ቅዝቃዜ ወይም ድርቀት ከመበስበስ ያዳነው ገላ ነው። ለምርመራ የሚመቸውም ይኸኛው ነው። ሳንባው፣ አንጀቱ፣ ፀጉሩና ጥፍሩ በየቦታቸው ስለሚገኙ፣ ሰውየው የኖረበትን አየርና የበላውን ምግብ ሳይቀር ለመጠየቅ ይቻላል።

በጥቅምት 9 ቀን 1972 ሐንስና ዮኩም ግሮንቮልድ የተባሉ ሁለት ወንድማማች ግሪንላንዳውያን ወፍ ለማደን ወጡ። የሄዱበት ቦታ ቂላኪትሶቅ ይባላል። ትርጓሜውም ሰማዩ ዝቅ ያለበት ስፍራ ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ፣ በኑስዋቅ ልሳነ ምድር ላይ፣ ከኡማናቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ሰው ትቶት የሄደ የጥንት መንደር ነው። ከሰሜናዊው የዋልታ ክበብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይርቃል። ወንድማማቾቹ ከገደል ሥር ባልተለመደ አኳኋን የተደራረቡ ድንጋዮች አዩ። ድንጋዮቹን ባነሡ ጊዜ የሰው ገላ አገኙ። ፎቶግራፍ አንሥተው መቃብሩን መልሰው ከደኑት፤ ያዩትንም ለሚመለከታቸው ሰዎች አስታወቁ።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ ተገቢውን ትኩረት ያገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1977 የግሪንላንድ ሙዚየም ኀላፊ የነበሩት ዬንስ ሮሲንግ ፎቶግራፎቹን ካዩ ወዲህ ነው። በ1978 አስከሬኖቹ ተነሥተው ለምርመራ ወደ ኮፐንሃገን ተወሰዱ። በዚያም ሐኪሙ ዬንስ ፔደር ሃርት ሃንሰንና የሥነ ቅርስ ሊቁ ዮርገን ሜልጎር ከብዙ የሙያ ዘርፍ ከተውጣጡ ባልደረቦቻቸው ጋር መረመሯቸው። የጥርስ ሐኪም፣ የቆዳ ሐኪም፣ የራጅ ባለሙያ፣ የልብስ ጠጋኝ፣ የወፍና የእንስሳት ዐዋቂ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዛሬ ስለ ሙያዎች ትብብር ስንነጋገር ይህ ምርመራ እንደ ጥሩ አብነት ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

መቃብሮቹ ሁለት ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በመጀመሪያው አምስት ሰዎች ተደራርበው ተገኙ፤ የስድስት ወር ያህል ሕፃን፣ አራት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው 25፣ 30 እና 45 ገደማ የሚገመት ሦስት ሴቶች። በሁለተኛው ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ወደ 50፣ አንደኛዋ ወደ 20 ዓመት የሚጠጉ። የራዲዮ ካርቦን ምርመራ ዘመናቸውን ወደ 1475 ገደማ አደረገው። በአገራችን አፄ በእደ ማርያም ይነግሡ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች የዛሬዎቹ ግሪንላንዳውያን ቅድመ አያቶች የሆነው፣ ቱሌ እየተባለ የሚጠራው የኢኑይት ባህል ተወላጆች ነበሩ።

ቅዝቃዜና ደረቅ አየር የሠሩት ሥራ

እንዴት ሳይበሰብሱ ቆዩ? ብዙ ሰው መልሱ በረዶ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። መቃብሮቹ ወደ ፊት ባዘነበለ ዐለት ሥር ስለ ነበሩ ፀሐይ፣ ዝናብና በረዶ በቀጥታ አላገኛቸውም። ድንጋዮቹ የተደረደሩት አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ ሆኖ ነበር። ቅዝቃዜው ተህዋስያንን ሲገታ፣ ደረቁ ነፋስ የገላውን ውሃ ቀስ በቀስ ወሰደው። ሥጋ በብርድና በነፋስ ደርቆ እንዲቆይ የሚያደርገው የተፈጥሮ አሠራር በሰው ገላ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። የሕፃናቱ ገላ ከሌሎቹ ይልቅ ያማረ ሆኖ የተገኘው ትንሽ ስለ ሆነ ፈጥኖ በመቀዝቀዙና በመድረቁ ነው።

መርማሪዎቹ አንድ የሚያስመሰግን ውሳኔ አደረጉ። ከስምንቱ ገላዎች ይበልጥ ደኅና ሆነው የተገኙትን አራቱን ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ ገላቸውንም ሳይከፍቱ በራጅና በመሳሰለው ብቻ መረመሩ፤ በዝርዝር የተመረመሩት የቀሩት አራቱ ናቸው። ዕውቀት ለማግኘት ሲባል ሁሉም ነገር መቆረጥ የለበትም። በኋላ የሚመጣ ትውልድ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ይመጣልና። ይህ ጥንቃቄ ዋጋ ማግኘቱን በኋላ እናያለን።

ልብሳቸው

በመቃብሮቹ ውስጥ በጠቅላላው 78 ልብሶች ተገኙ። ሙታኑ ከለበሱት ሌላ፣ ለወዲያኛው ዓለም ጉዞ እንዲሆናቸው የተጨመረላቸው ልብስም ነበር። አብዛኛው የተሠራው ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ሲሆን፣ ከሰሜን አጋዘን ቆዳና ከልዩ ልዩ ወፎች ቆዳም የተሰፋ ይገኝበታል።

አለባበሱ ሁለት ድርብ ነው። የውስጡ እጀ ጠባብ ከወፍ ቆዳ ተሰፍቶ ላባው ወደ ገላ ይዞራል፤ የላይኛው ደግሞ ፀጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ ነፋስንና እርጥበትን ይመክታል። በመካከላቸው የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። ጫማውም እንዲሁ ድርብ ነው፤ በውስጠኛውና በውጪኛው መካከል ሣር ይጨመርበታል። ክሩ ከእንስሳ ጅማት የተፈተለ ነው። እያንዳንዱ የወፍ ቆዳ ለሚሸፍነው የገላ ክፍል እንዲስማማ ተመርጦ መግባቱን ስናይ፣ ሰፊዋ የእያንዳንዱን ቆዳ ጠባይ ጠንቅቃ ታውቅ እንደ ነበር እንረዳለን።

ስለ ዋልታ አገር ሲነገር ታሪኩ ብዙ ጊዜ የአዳኙ ወንድ ታሪክ ነው። ነገር ግን ልብሱ በአንድ ስፌት ቢተረተር አዳኙ ከባሕር በሕይወት አይመለስም ነበር። ቂላኪትሶቅ ላይ የተገኙት ስድስት ሴቶች፣ የኢኑይት ሕይወት በመርፌም ላይ የቆመ እንደ ነበር በገዛ ልብሳቸው መስክረዋል።

ምግብና ጥርስ

የምግባቸውን ዐይነት ለማወቅ መርማሪዎቹ በገላቸው ውስጥ ያለውን የካርቦን አይሶቶፕ መጠን ለኩ። ከባሕር የሚገኝ ምግብ በዚህ መለኪያ ከምድር ምግብ ስለሚለይ፣ ከምግባቸው 75 በመቶ ያህሉ የባሕር እንስሳ እንደ ነበር ታወቀ። የቀረው እንደ አጋዘን ካለው የየብስ እንስሳ የተገኘ ነው።

ጥርሳቸውም የራሱን ቃል ሰጠ። የጥርስ መቦርቦር አልታየባቸውም፤ ስኳርና እህል በማያውቅ አፍ ይህ አያስገርምም። ዳሩ ግን የሴቶቹ ጥርስ በብርቱ የተበላ ነበር። በኢኑይት ሴቶች ዘንድ ቆዳን ለማለስለስ ማኘክ፣ ጅማትን በጥርስ ይዞ መሳብ የዘወትር ሥራ ነበርና፣ ጥርስ ምግብ ማኘኪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያም ነበር። ከእኛ መካከል የሠራተኛን ሞያ ከእጁ መዳፍ ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም ይኖር ይሆናል፤ እዚህ ላይ ሞያው የተጻፈው በጥርስ ላይ ነው።

ከፀጉራቸው የተገኘው የሜርኩሪና የእርሳስ መጠንም ተለክቶ፣ በዘመናችን በዚያው አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ፀጉር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ፋብሪካ ሳይፈጠር የሞቱ ስለ ሆኑ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በኋላ አየሩና ባሕሩ ምን ያህል እንደ ተበከለ ለመለካት መነሻ ሆነዋል። ፋብሪካ ከሚጤስበት አገር እጅግ ርቆ የሚኖር ሕዝብ የፋብሪካውን ዝቃጭ ከገዛ ምግቡ ጋር ይቀበላል ማለት ነው። በዚያው ፀጉር ላይ የራስ ቅማልም ተገኝቷል፤ በጠባብ ቤት ተጠጋግተው ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች ይህም የዕለት ኑሮ አካል ነበር።

ጢስ

ለእኛ ሙያ እጅግ የሚያስተምረው የሳንባቸው ሁኔታ ይመስለኛል። በሳንባቸው ውስጥ ጥቀርሻ ተገኘ። በዚያ ዘመን የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ የመኪና ጢስ ወይም ትምባሆ በአገሩ አልነበረም። ጥቀርሻው የመጣው ከድንጋይ ተፈልፍሎ ከሚሠራው መብራት ነው። ነዳጁ የሲል ስብ ነው። ይህ መብራት በረዥሙ የክረምት ጨለማ ብርሃን፣ ምድጃና ማሞቂያ ሆኖ ያገለግላል፤ ያለ እርሱም በዚያ ምድር መኖር አይቻልም። ይሁንና ሕይወት የሚሰጠው መብራት ሳንባን በጥቂት በጥቂቱ ያጠቁር ነበር።

ይህ የአንድ መንደር አጋጣሚ እንዳልሆነ ሌሎች ሁለት ግኝቶች ያረጋግጣሉ። በ1972 በቤሪንግ ባሕር ውስጥ ባለችው ቅዱስ ሎረንስ ደሴት፣ የባሕር ዳርቻው ሲናድ የአንዲት ሴት የቀዘቀዘ ገላ ወጣ። ሴቲቱ ከዛሬ 1600 ዓመት ገደማ በፊት የኖረች፣ የኢኑይት ዘመዶች ከሆኑት ከዩፒክ ሕዝብ ወገን ነበረች። በምርመራ ሳንባዋ ጥቀርሻ ይዞ፣ የልብ የደም ሥሮቿም በስብ ተደድረው ተገኙ። ከዚህም በላይ በአየር ቧንቧዋ ውስጥ የዕፅዋት ቅንጣት ስለ ተገኘ፣ ዐፈር ተጭኗት ታፍና መሞቷን ለማወቅ ተቻለ።

በ1982 ደግሞ በሰሜን አላስካ፣ ያን ጊዜ ባሮው በምትባለውና ከ2016 ወዲህ ኡትኪያግቪክ በሚለው የጥንት ስሟ በምትጠራው ከተማ፣ በበረዶ የተደፈጠጠ ቤት ተቈፈረ። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ላይ የነበረው የበረዶ ክምር በማዕበል ኀይል ወደ ዳርቻው ተገፍቶ ቤቱን ከነነዋሪዎቹ ደፍጥጦታል። ከአምስቱ ሟቾች የሁለት ሴቶች ገላ ሳይበሰብስ ቆይቶ ነበር። ሐኪሙ ማይክል ዚመርማን በመረመሯቸው ጊዜ ሁለቱም በደረታቸው መደፍጠጥ መሞታቸው ታወቀ። በዕድሜ የበሰለችው ሴት ሳንባ በጥቀርሻ የጠቈረ፣ አጥንቷ የሳሳ፣ የደም ሥሮቿም የተደደሩ ነበሩ። ካልበሰለ ሥጋ የሚመጣው ትሪኪኖሲስ የሚባለው የትል በሽታም ቀድሞ ይዟት እንደ ነበር ታየ። ጥቂት ወራት ቀደም ብላ የወለደችና የምታጠባ እናትም ነበረች።

ስለ ደም ሥር ከተነሣ አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል። ለብዙ ዘመን ኢኑይት የባሕር ምግብ ስለሚመገቡ ከደም ሥር መደደር የተጠበቁ ናቸው ይባል ነበር። በ2019 በታተመ ጥናት መሠረት፣ በቦስተን ከተማ በ16ኛው መቶ ዘመን የኖሩ የግሪንላንድ ሙሚዎች በሲቲ ስካን ሲታዩ፣ ገና ወጣቶች ሳሉ ከሞቱት በሦስቱ የደም ሥር ላይ የተደደረ ስብ ተገኘ። መርማሪዎቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ምክንያቶች አንዱ የቤት ውስጥ ጢስ መሆኑን ጠቁመዋል። ቊጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ሕዝቡ ሁሉ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን «የጥንት ሰው በተፈጥሮ ምግቡ ጤነኛ ነበር» የሚለውን ቀላል አነጋገር እንድንጠራጠር ያስገድደናል። በጎጆ ውስጥ በእንጨትና በኩበት ጢስ መካከል ስታበስል የኖረች እናትን ሳል ያዳመጠ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የእነዚህን ሴቶች ሳንባ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ሕመምና እንክብካቤ

በቂላኪትሶቅ ሁለተኛ መቃብር ከነበሩት ከሁለቱ የ50 ዓመት ሴቶች አንደኛዋ በካንሰር ታማለች። ዕጢው ከአፍንጫ በስተኋላ ካለው የጉሮሮ ክፍል ተነሥቶ የራስ ቅሏን መሠረት በልቶታል። አንድ ዓይኗን ሳያሳውራትና መስማቷንም ሳይጐዳ አልቀረም። ይህ የካንሰር ዐይነት በዘመናችንም በኢኑይት ሕዝብ ዘንድ ከአብዛኛው ዓለም ይልቅ በብዛት ይታያል፤ ስለዚህ የዚህች ሴት የራስ ቅል የበሽታውን ዕድሜ ቢያንስ ከ500 ዓመት በላይ ያደርገዋል።

የአራት ዓመቱ ልጅ ደግሞ የዳሌው አጥንት በራጅ ሲታይ፣ መርማሪዎቹ ዳውን ሲንድረም ሳይኖርበት አልቀረም የሚል አስተያየት ሰጡ። በተጨማሪም የጭኑ አጥንት ራስ የሚጐዳበት ካልቬ ፔርቴስ የሚባለው ሕመም ነበረበት። ይህ ልጅ አካሄዱ የተቸገረ፣ ከእኩዮቹ ይልቅ ድጋፍ የሚሻ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ስሕተት ሊያጋጥም ይችላል። አንደኛው «ደካማ በእንደዚያ ያለ አገር ወዲያው ይጣላል» ብሎ ማሰብ ነው፤ ልጁ አራት ዓመት መኖሩ፣ ሴቲቱም አጥንት እስኪበላ ድረስ ከበሽታው ጋር መቆየቷ ይህን አያስደግፍም። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ፍቅራቸውና ስለ ርኅራኄያቸው ልብ ወለድ መጻፍ ነው። ማስረጃው የሚለው ይህን ብቻ ነው፤ ልጁ አራት ዓመት ሙሉ በልቷል፣ ለብሷል፣ በመጨረሻም ከሌሎቹ ጋር በክብር ተቀብሯል። ለእኔ ይህ በቂ ነው።

ንቅሳት

የሴቶቹ ፊት ጠቊሮ ስለ ነበር በዓይን ሲታይ ብዙም የሚለይ ነገር አልነበረውም። በኢንፍራ ሬድ ፎቶግራፍ በተነሣ ጊዜ ግን ከስድስቱ ሴቶች በአምስቱ ፊት ላይ ንቅሳት ታየ። በግንባር፣ በጉንጭና በአገጭ ላይ የተሠመሩ ቀጫጭን መሥመሮች ናቸው። ያልተነቀሰችው አንዲት ወጣት ብቻ ናት። የአንደኛዋ ንቅሳት አሠራሩ ከሌሎቹ የተለየ ስለ ሆነ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣች ሳትሆን አትቀርም የሚል ግምት አስነሥቷል። ቅድመ አያቶቻችን ጥርስ ድዳቸውንና አንገታቸውን ይነቀሱ ለነበርነው ለእኛ፣ ንቅሳት የዕድሜ፣ የማዕርግና የውበት ምልክት ሊሆን መቻሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና ከምልክቱ ትርጕም ይልቅ ምልክቱ መኖሩ ነው በእርግጥ የታወቀው።

የዘር ሐረግና የሕፃኑ ታሪክ

አሁን በመግቢያዬ ወደ ጠየቅሁት ጥያቄ እመለሳለሁ።

ስምንቱ ሰዎች ለምን ሞቱ? ከስምንቱ አንድም ወንድ ዐዋቂ ያልተገኘውስ ለምንድን ነው? አንዳንዶች ሴቶቹ ኡሚያክ በሚባለው ትልቅ የቆዳ ጀልባ ሲጓዙ ሰጥመው ይሆናል አሉ፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። ወረርሽኝ ነው፣ የምግብ መመረዝ ነው የሚሉም ነበሩ። እንዲያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ መሞታቸው ራሱ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ቤቱ የተደፈጠጠባቸው የኡትኪያግቪክ ሴቶች ገላ የሞታቸውን ምክንያት በግልጽ ተናግሯል፤ የቅዱስ ሎረንስ ደሴቷ ሴትም እንዲሁ። የቂላኪትሶቅ ገላዎች ግን በዚህ ጥያቄ ላይ ዝም አሉ።

ዝምድናቸውስ? በመጀመሪያው ምርመራ የሕዋስ ዐይነታቸው ተነጻጽሮ አንድ የተሟላ የቤተሰብ ታሪክ ተቀረጸ። በመጀመሪያው መቃብር አንዲት አያት፣ ሁለት ሴት ልጆቿና ሁለት የልጅ ልጆቿ፤ በሁለተኛው ሁለት እኅትማማቾችና የአንደኛዋ ልጅ ናቸው ተባለ። ታሪኩ የተሟላና ልብ የሚነካ ስለ ነበር ብዙ ሰው ተቀበለው። በ2007 ግን ተመራማሪዎች ከዐዋቂዎቹ ፀጉርና ጥፍር ከእናት የሚወረሰውን ዲ ኤን ኤ አውጥተው በመረመሩ ጊዜ፣ ቀድሞ ከታሰበው የእናትና የልጅ፣ የእኅትማማችነትም ዝምድና አንዳንዱ ሊጸና እንደማይችል ታወቀ። ቀድሞ በጥንቃቄ የተጠበቀው ፀጉርና ጥፍር ከ30 ዓመት ያህል በኋላ አዲስ ቃል ሰጠ፤ የቀደመውንም ቃል አረመ። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች በጊዜያቸው በነበረው መሣሪያ በታማኝነት ሠርተዋል። ስሕተቱ የነበረው ግምቱ በሕዝብ ዘንድ እንደ እውነት መወሰዱ ላይ ነው።

ሕፃኑም በዚሁ መንገድ ነው የሚታየው። ገላው ላይ የሞቱን ምክንያት የሚገልጽ ምልክት አልተገኘም። «በሕይወቱ ተቀበረ» የሚለው ቃል የተወለደው ከገላው ሳይሆን፣ በኋላ ዘመን ስለ ግሪንላንድ የጻፉ ሰዎች፣ እናቱ የሞተችበትና የሚያጠባው ያጣ ሕፃን ከእናቱ ጋር ይቀበር ነበር ብለው ካስቀመጡት ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልማድ መኖሩ በዚህ ሕፃን ላይ ለመፈጸሙ ማስረጃ አይሆንም። ጭራሹን እናቱ በዚያ መቃብር ካሉት ሴቶች የትኛዋ እንደ ሆነች እንኳ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ፣ ከእናቱ ጋር ተቀበረ ብሎ መደምደም የማስረጃን ሥርዐት ማፍረስ ነው።

በፍርድ ቤት ቀርቦ የሙያ ምስክርነት የሰጠ ባልደረባችን ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። «ሊሆን ይችላል» ማለትና «ሆኗል» ማለት አንድ አይደለም። በሕያው ሰው ላይ ይህን ድንበር መጣስ ንጹሑን ያስቀጣል። በሙታን ላይ መጣስ ደግሞ መላ ሕዝብን ያሳማል፤ ኢኑይት ልጆቻቸውን በሕይወት የሚቀብሩ ሰዎች ተብለው የታወቁት በአንድ ፎቶግራፍ ሥር በተጻፈ ያልተረጋገጠ ቃል ነውና። ያው መቃብር አራት ዓመት ሙሉ ስላደገው ሕመምተኛ ልጅ የሚናገረውን ግን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ለሙታን ያለብን ዕዳ

ክቡራትና ክቡራን፤

በመጨረሻ ስለ ፈቃድና ስለ ክብር ጥቂት ልናገር። እነዚህ ሰዎች ለምርመራ ፈቃዳቸውን አልሰጡም። ወገኖቻቸው ግን ዛሬም አሉ። በአላስካ የተገኙት ሟቾች የተመረመሩት የአገሩ ሽማግሌዎች ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ነው፤ ምርመራውም ሲያበቃ ገላቸው ተመልሶ በክብር ተቀበረ። የቂላኪትሶቅ ሙሚዎች ወደ ኮፐንሃገን የተወሰዱት ግሪንላንድ በዴንማርክ ሥር በነበረችበትና የራሷን የውስጥ አስተዳደር ገና ባልመሠረተችበት በ1978 ነበር። በ1979 የውስጥ አስተዳደሩ ተመሠረተ፤ በ1982 ሙሚዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዋና ከተማዪቱ በኑክ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ዐረፉ። በዚያም ሦስት ሴቶችና ሕፃኑ ለሕዝብ ታይተዋል። አንዱ ሕዝብ ሙታኑን መልሶ ይቀብራል፤ ሌላው በራሱ ቤት ለልጆቹ ያሳያል። ሁለቱም የሚጋሩት ነገር ውሳኔው የባለቤቶቹ መሆኑ ነው። ይህን ለመቀበል የማይፈልግ ምርምር፣ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ መሠረቱ የላላ ነው።

እንግዲህ ከቅዝቃዜ ምስክሮች ምን ተማርን? የለበሱት ልብስ የሴቶችን ሞያ፣ ጥርሳቸው የሥራቸውን ክብደት፣ ፀጉራቸው የባሕራቸውን ንጽሕና፣ ሳንባቸው የቤታቸውን ጢስ፣ የአንድ ልጅ የዳሌ አጥንት የአንድ ማኅበረሰብን ትዕግሥት መስክረዋል። ይህ ሁሉ 500 ዓመት አልፎ ጸንቷል። የወደቀው ወይም የተናጋው እኛ በእነርሱ ስም የጨመርነው ነው።

ከዚህ ጉባኤ ወጥተን ወደየሥራችን ስንመለስ፣ በየጠረጴዛችን ላይ የሚጠብቀን ገላ 500 ዓመት የቆየ አይሆንም፤ ምናልባት ትናንት ማታ የሞተ ሰው ይሆናል። በሪፖርታችን ላይ የምንጽፈው ቃል ግን በዚያው መለኪያ ይመዘናል። ያየነውን እንዳየነው እንጻፍ፤ ያላየነውን ባዶ ቦታ ባዶ አድርገን እንተወው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ፣ የሚሞላው ባዶ ቦታ ያገኝ ዘንድ።